ቀይ ሁሉ ጀግና፣ ግራ ሁሉ ዲቃላ? ስለ እንግሊዝ የጋሻ ቃላት ለተጻፈው ጽሑፍ ምላሽ

ሰሞኑን በቴሌግራም ከግሩፕ ግሩፕ ሲዞር የሰነበተ ረጅም ጽሑፍ አለ፣ ስለ ድሮ እንግሊዝኛ ቃላትና ነገሥታቱና ባላባቶቹ ጋሻቸው ላይ ስለሚያስሉት የቤተሰብ ምልክት የሚያወራ። ሼር ያላደረገው ሰው የለም ማለት ይቻላል። ማን ተጎዳ ብዬ ዝም ልል ነበር፣ ግን እንግሊዝኛ የሚያስተምር አንድ ወዳጄ ለተማሪዎቹ ሊያነብላቸው ፕሪንት ማድረጉን ሲነግረኝ ነገሩ ከጨዋታ አለፈብኝ። ጸሐፊውን አላውቀውም፣ ጠብም የለኝም፣ እንደውም አማርኛው ይጥማል፣ ችግሩም እሱ ነው መሰለኝ፣ ወሬ ሲጥም ማስረጃው የታለ ብሎ የሚጠይቅ የለም።

ላላነበባችሁት ጽሑፉ የሚለውን ሳላጣምም ላስቀምጠው። በጋሻ ላይ ያለ እያንዳንዱ ቀለምና እንስሳ የተቆረጠ ምስጢራዊ ትርጉም አለው ይላል፣ ቀዩ «ጉልስ» ከፋርስኛው «ጉል» ማለትም ከጽጌረዳ የመጣ ሆኖ ደሙን ያፈሰሰ ጀግና ማለት ነው፣ ሰማያዊው ታማኝነት ነው፣ ጥቁሩ ሐዘን ነው። «ሲኒስተር» የሚባለው የግራ መስመር ለዲቃላ ብቻ የሚሰጥ የውርደት ምልክት ነው፣ ቃሉ ዛሬ ክፉ የሚለውን ትርጉም የያዘውም ከዛ ነው። «ዛው» (thou) የሚለው የድሮ ቃል የአክብሮት ነው፣ ሱቅ ላይ የምናየው «ዪ ኦልድ»ም (ye olde፣ «ጥንታዊው» ለማለት) ድሮ እንደተጻፈው ይነበብ ነበር። ሎርድ፣ ናይት፣ ማርሻል ሲፈጠሩ ጀምሮ ተራ ሰው አፉን የማያስገባባቸው የክብር ቃላት ናቸው፣ «ስቱዋርድ» ብቻ የአሳማ ጠባቂ ነበር። ስኖብ (ሌላውን የሚንቅ)፣ ፖሽ (ቅንጡ)ና ሰርሎይን (የበሬ ሥጋ) በየፊደሉና በየቃሉ ታሪክ አላቸው። የእንግሊዝ አንበሳ ከኛ ከይሁዳ አንበሳ የተወሰደ ነው። በመጨረሻም እያንዳንዱ ቤተሰብ በስሙ የተመዘገበ «ፋሚሊ ክረስት» ማለትም የቤተሰብ የጋሻ ምልክት አለው፣ ፈልጋችሁ አግኙት ይላል። ይሄ ነው እንግዲህ።

ከቀለሙ ልጀምር፣ ብዙ ሰው የወደደው እሱን ስለሆነ። ጉልስን ከፋርስ ጽጌረዳ ማምጣት የጸሐፊው ፈጠራ አይደለም፣ ድሮ እንግሊዞቹ ራሳቸው ይሉት ነበር፣ ስለዚህ በዚህ አልወቅሰውም። ግን ቃሉን በድሮ ጽሑፎች ወደኋላ ስትከተሉት የምትደርሱት አበባ ጋ ሳይሆን ጉሮሮ ጋ ነው። በላቲን «ጉላ» ጉሮሮ ነው፣ በድሮ ፈረንሳይኛ «ጎል» ይሆናል፣ በብዙ ቁጥር ሲጠራ ደግሞ ሀብታሞቹ አንገታቸው ላይ ጣል የሚያደርጉት በቀይ የተነከረ ለስላሳ የእንስሳ ቆዳ ነው። ለዚህ የሚጠቀሰው ሰው በ12ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው የክሌርቮው መነኩሴ በርናርድ ነው፣ ጳጳሳቱ ቅንጦት አበዙ ብሎ ሲገስጻቸው «ጉላ» የሚሏቸውን በቀይ የተነከሩ የአይጥ ቆዳዎች እንዲጸየፉ ጽፎላቸዋል። አይጥ ያለው ሆን ብሎ ሊያሳፍራቸው ይመስለኛል። እንግዲህ ጦር ሜዳ ላይ የፈሰሰ ደም ስንጠብቅ ያገኘነው የጳጳስ አንገት ልብስ ነው።

ጥቁሩም ያው ነው። «ሴብል» ሐዘን ማለት አይደለም፣ የእንስሳ ስም ነው፣ በሳይቤሪያ ጫካ የሚኖር ቆዳው ወርቅ የሚያወጣ ትንሽ አውሬ፣ ስላቮቹ «ሶቦል» የሚሉት። የሚገርመው እንስሳው ራሱ ጥቁር ቡናማ ነው እንጂ ጥቁር አይደለም። ነጭ ላይ ጥቁር ጠብ ጠብ ያለበት «ኤርሚን»ም እንደዛው፣ በክረምት ነጭ የሚሆን ግን የጅራቱ ጫፍ ጥቁር ሆኖ የሚቀር ትንሽ አውሬ አለ፣ የሱ ቆዳ ብዙ ሆኖ ሲሰፋ ጅራቶቹ ነጠብጣብ ሆነው ይታያሉ። ከነዚህ ቃላት የሚሸተኝ የጦር ሜዳ ሳይሆን የቆዳ ገበያ ነው።

ሰማያዊው ላይ ግን ጸሐፊው ሳያውቀው አጠገቡ ደርሶ ነበር። ፋርስ የፈለገ ሰው መሄድ የነበረበት ወደ «አዙር» ነው። ቃሉ ከፋርስኛ «ላጅወርድ» ተነስቶ፣ በአረብኛ አልፎ፣ ላቲንና ፈረንሳይኛ የገባ ነው፣ ባዳክሻን ማለትም ዛሬ ሰሜን ምሥራቅ አፍጋኒስታን ውስጥ ላፒስ ላዙሊ የሚባለው ሰማያዊ ድንጋይ ከሚወጣበት አገር ጋር የተያያዘ ስም። መጀመሪያ ላይ የነበረችው «ል» የት ሄደች ካላችሁ፣ ፈረንሳይኛ ተናጋሪዎቹ የራሳቸው ቃል ላይ የሚቀጥሏት «ል» መስላቸው ቆርጠው ጣሏት። ታማኝነት የሚባል ነገር ግን በመንገዱ ሁሉ የለም፣ ድንጋይ ነው የተሸከሙት።

አሁን ዋናው ጥያቄ ቃሉ ከየትም ይምጣ፣ ቀለሙ ቋሚ ትርጉም ነበረው ወይ የሚለው ነው። ለዚህ ፈረንሳዮቹ አረንጓዴውን ምን እንደሚሉት ተመልከቱ። እንግሊዞቹ «ቨርት» ሲሉ ፈረንሳዮቹ «ሲኖፕል» ይላሉ፣ ቃሉ በጥቁር ባሕር ዳር ካለችው ከሲኖፕ ከተማ የመጣ ነው፣ እና መጀመሪያ ላይ ቀይ ነበር። አዎ ቀይ፣ ከዛ አካባቢ የሚመጣ ቀይ አፈር ስለነበር። በመካከለኛው ዘመን መጨረሻ ላይ ተገልብጦ አረንጓዴ ሆነ። ስሙ ራሱ ከቀይ ወደ አረንጓዴ የሚገለበጥ ቀለም ላይ ምን ዓይነት ዘላለማዊ ምስጢር ይቀመጣል?

የቀለም ትርጉም የሚባለው ከየት መጣ ታዲያ? እሱም ፈጠራ አይደለም፣ ግን ዘግይቶ የመጣ ነው። ጋሻዎቹ ከተለመዱ ከብዙ ጊዜ በኋላ መጻፍ የሚወዱ ሰዎች ተነስተው ወርቁን ከፀሐይ፣ ብሩን ከጨረቃ፣ ቀዩን ከማርስ፣ ሰማያዊውን ከጁፒተር እያጋጠሙ፣ እንቁውንም እየደረደሩ፣ በጎ ምግባሩንም እየጨመሩበት ሄዱ። እርስ በርሳቸው እንኳ አይስማሙም። ከነሱ በፊት የነበረው የቀለም ሕግ አንድና ግልጽ ነበር፦ ወርቅና ብር ብረት ይባላሉ፣ ሌሎቹ ቀለም ናቸው፣ ብረት ብረት ላይ፣ ቀለም ቀለም ላይ አይቀመጥም። ለምን? ፊቱን በብረት የሸፈነ ሰው ከሩቅ እንዲለይ ነው፣ ቢጫ ነጭ ላይ አይታይማ። ታዋቂው ሕግ አፍራሽ የመስቀል ጦረኞች ያቋቋሙት የኢየሩሳሌም መንግሥት ጋሻ ነው፣ ወርቅ መስቀል በብር ላይ፣ ስለሱም እስከዛሬ ይወራል።

እንስሳቱም የግድ ምግባር አይደሉም፣ በጣም ብዙ ጊዜ የስም ጨዋታ ናቸው። የስፔኗ የካስቲል ንጉሥ ጋሻው ላይ ካስል ማለትም ግንብ አለ። የኋለኛዋ ንግሥት ኤልሳቤጥ እናት ቤተሰብ ቦውዝ ላየን ይባላል፣ ጋሻቸው ላይ ቀስትና አንበሳ አለ፣ «ቦው» ቀስት «ላየን» አንበሳ፣ በቃ። ሉሲ የሚባል የድሮ ቤተሰብ ጋሻው ላይ «ሉስ» የሚባል ዓሣ ያደርጋል፣ ሉሲ ስል ድንቅነሽ ትዝ ካለቻችሁ እሷ ሌላ ናት። የሼክስፒር አባት በ1596 (ዓመቶቹን ሁሉ የምጠቅሰው በፈረንጅ ነው) ጋሻ ሲፈቀድለት የተሳለለት ጦር ነው፣ ምክንያቱም «ሼክ» መነቅነቅ፣ «ስፒር» ጦር። ይሄንን ጦር ይዞ «የጀግንነት ምልክት» ብሎ የሚተነትን ሰው አሳዝኖኝ ያስቀኛል፣ ሰውየው ጓንት ሠሪ ነበር።

ወደ ግራው እንሂድ። ሲኒስተር በላቲን ግራ ነው፣ ዴክስተር ቀኝ ነው፣ አለቀ። በጋሻ ቋንቋ ግራና ቀኝ የሚቆጠረው ጋሻውን ከኋላ ይዞ ከቆመው ሰው አንጻር ስለሆነ ለኛ ለተመልካቾቹ ይገለበጣል፣ ጸሐፊው ምሳሌ ብሎ የለጠፈው ሥዕልም ግራ ያለው ቀኙን ነው። ክፉ የሚለው ትርጉም ከጋሻው አልመጣም፣ ሮማውያን ራሳቸው ወፍ እያዩ ሲጠነቁሉ ግራው የመጥፎ ምልክት ሆኖ ቀርቷል፣ ጋሻ የሚባል የቤተሰብ ምልክት ከመፈጠሩ ከሺህ ዓመት በላይ ቀድሞ።

ዲቃላ የሚለው ላይ ግን ግማሽ እውነት አለ፣ ግማሹን ልስጠው። እንግሊዝ ውስጥ ከንጉሥ በውሽምነት የተወለዱ ልጆች ጋሻ ላይ «ባቶን ሲኒስተር» የሚባል ጠበብ ያለ፣ ጫፎቹ የጋሻውን ዳር የማይነኩ በትር ከግራ አጋድሞ ማድረግ የታወቀ ነው። የሁለተኛው ቻርልስ ልጆች ከሆኑት የግራፍተንና የሴንት ኦልባንስ መስፍኖች ጋሻ ላይ ዛሬም አለ። ግን ይሄ አንዱ መንገድ ነው እንጂ ብቸኛው አይደለም። የንጉሥ ልጅ የሆነው የጋንቱ ጆን ከውሽማው ከካትሪን ስዊንፈርድ የወለዳቸው ቦፎርቶች ከጋብቻ ውጭ የተወለዱ ናቸው፣ በ1397 ሕጋዊ ተደረጉ፣ ጋሻቸው ላይ ያለው ልዩነት ግን በዙሪያው የሄደ ብርና ሰማያዊ እያፈራረቀ የተቆራረጠ ጥለት ነው፣ ግራ የሚባል ነገር የለበትም። እና ሙሉው ግራ መስመር፣ «ቤንድ ሲኒስተር»፣ በራሱ መስመር ነው፣ የሰው እናት የሚሰድብ አይደለም።

ጸሐፊው ደግሞ ደጋግሞ «ባር ሲኒስተር» ይለዋል። በእንግሊዝ ጋሻ ቋንቋ ባር አግድም የሚሄድ ቀጭን መስመር ነው፣ ከዳር እስከ ዳር የሚሄድ አግድም መስመር ግራ ሊሆን አይችልም። ስህተቱ ከፈረንሳይኛ ነው የመጣው፣ እነሱ በግራ የሚያጋድለውን «ባር» ይሉታል። ትንሽ ነገር ናት ግን ጽሑፉ ከየት እንደተገለበጠ ታሳብቃለች።

«ዛው» ላይ ነገሩ ጭራሽ ተገልብጧል፣ እዚህ ጋ ደግሞ አማርኛ ተናጋሪ መሆን እንዴት እንደሚጠቅም አይታችሁ ፍረዱ። ድሮ ለአንድ ሰው «ዛው»፣ ለብዙ ሰው «ዪ»ና «ዩ» ነበር። በኋላ በፈረንሳይኛ ተጽዕኖ አንድን ትልቅ ሰው በብዙ ቁጥር መጥራት መጣ፣ እና «ዩ» አንቱ ሆነ፣ «ዛው» አንተ ሆኖ ቀረ፣ ለልጅ፣ ለአሽከር፣ ለቅርብ ጓደኛ፣ ለጠላት። በ1603 የቤተ መንግሥት ሰው የነበረው መርከበኛ ዋልተር ራሌይ በዊንቸስተር በአገር ክህደት ሲከሰስ ዐቃቤ ሕጉ ኤድዋርድ ኩክ ተናዶ ያለው ነገር ተመዝግቧል፣ ወደኛ ሲመጣ «አንተ ነው የምልህ፣ አንተ ከሃዲ» ማለት ነው፣ «ዛው»ን ግሥ አድርጎ። እንግሊዝኛ ብቻ የሚችል ሰው ዛሬ ይሄን ሲያነብ ስድቡ የቱ ጋ እንደሆነ በግርጌ ማስታወሻ ካልተነገረው አይገባውም፣ እኛ ግን ሽማግሌ ፊት አንተ የተባባለ ሰው ምን እንደሚከተል እናውቃለን። በዚያው ክፍለ ዘመን ኩዌከሮች የሚባሉት ክርስቲያኖች ሰው ሁሉ እኩል ነው ብለው ዳኛውንም ባላባቱንም «ዛው» ማለት ጀመሩ፣ የተደበደቡትና የታሰሩት አንዱ በዚህ ምክንያት ነው። አክብሮት ቢሆን ኖሮ ማን ይመታቸዋል?

ለምን ዛሬ የተከበረ ይመስላል ላላችሁ፣ በ1611 የታተመው የንጉሥ ጄምስ መጽሐፍ ቅዱስ ነጠላና ብዙ ቁጥርን ለመለየት ለአንድ ሁሉ «ዛው» ስላለ፣ እግዚአብሔርንም ጨምሮ፣ ቃሉ ከመንደር ሲጠፋ በጸሎት ውስጥ ቀረ። በጸሎት ብቻ የሚሰማ ቃል ደግሞ ለጆሮ ይከብዳል። እኛም እኮ «አባታችን ሆይ በሰማያት የምትኖር» ነው የምንለው፣ የሚኖሩ አንልም፣ በዚህ ምክንያት ግን አንተ የአክብሮት ቃል ነው ያለ ሰው አልሰማሁም።

«ዪ ኦልድ» ደግሞ ከመነሻው የፊደል ጉዳይ ነው። ድሮ እንግሊዝኛ «ዘ» በሚለው ቃል መጀመሪያ ላይ ለሚሰማው ድምፅ ቶርን የሚባል ራሱን የቻለ ፊደል ነበረው። በእጅ ሲጻፍ እየቆየ ዋይ የሚባለውን ፊደል እየመሰለ ሄደ፣ በኋላ ማተሚያ ሲመጣ፣ የመጀመሪያው የእንግሊዝ አታሚ ካክስተን ዌስትሚንስተር ላይ ማተሚያውን የተከለው በ1476 ነው፣ የፊደል ቅርጹ ከአውሮፓ የሚመጣ ስለነበር ቶርን የሚባል ነገር በውስጡ የለም፣ ስለዚህ አታሚዎቹ በምትኩ ዋይን አስገቡ። የዘመኑ አንባቢ ግን ያነበው የነበረው «ዘ» ብሎ ነው። ዛሬ የሱቅና የመጠጥ ቤት ታፔላ ላይ ያለው «ዪ ኦልድ» በ19ኛው ክፍለ ዘመን ድሮነት መሸጥ ሲጀመር የመጣ ነገር ነው። ከላይ ያነሳሁት የብዙ ቁጥሩ «ዪ» ሌላ ቃል ነው፣ እሱ በርግጥ «ዪ» ነበር፣ ጸሐፊው ሁለቱን ቢቀላቅል አይፈረድበትም፣ ብዙ እንግሊዛዊም ይቀላቅላል።

የማዕረግ ስሞቹ ጋ ስንመጣ የኔ ደስታ እዚህ ነው፣ ጸሐፊው ከመጀመሪያው ክቡር ነበሩ ያላቸው ቃላት አንዱም ክቡር ሆኖ አልተወለደም። ሎርድ በድሮ እንግሊዝኛ «ህላፍዌርድ» ነው፣ የዳቦ ጠባቂ። ሌዲ «ህላፍዲየ» ናት፣ ዳቦ አቡኪ። ቤት ውስጥ ዳቦውን የያዘ ጌታ፣ ያቦካችው እመቤት፣ የሚበሉት ደግሞ ሌሎቹ። ናይት «ክኒህት» ነበር፣ ልጅ፣ አሽከር፣ ጀርመንኛው «ክኔህት» እስከዛሬ አገልጋይ ሆኖ ቀርቷል። ማርሻል ከፍራንኮች ቋንቋ የመጣ ነው፣ የፈረስ አሽከር። ኮንስታብል ከላቲን፣ የጋጣ አዛዥ፣ ዛሬ እንግሊዝ ውስጥ ተራ ፖሊስ ነው። ኢስኳየር ጋሻ ያዥ፣ ይሄን ጸሐፊው በትክክል ጽፎታል። ለኛ ሰው ይሄ እንግዳ ሊሆን አይገባም፣ ባልደራስ ማለት የንጉሥ ፈረሶች ኃላፊ አይደለም እንዴ? ብላቴን ጌታስ ብላቴና ማለት ልጅ ሆኖ ሳለ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ስንል ሚኒስትር ነው የምናስበው። ቤተ መንግሥት አጠገብ የሚውል ሥራ ሁሉ፣ ፈረስ ማጠብም ቢሆን፣ ውሎ አድሮ ማዕረግ ይሆናል፣ ዙፋን ያለበት አገር ሁሉ ይሄ አለ።

የሚያስቀው ጸሐፊው ትሑት መነሻ አለው ብሎ የመረጠው አንዱ ቃል ላይ ነው የተሳሳተው። ስቱዋርድ «ስቲግዌርድ» ነበር፣ የአዳራሽ ወይም የቤት ጠባቂ። «ስታይ» የአሳማ ጉረኖ ስለሆነ ሁለቱ ድምፃቸው ገጥሞ ነው ተረቱ የተፈጠረው፣ በዚህ ቃል ውስጥ አሳማ ለመኖሩ ግን ማስረጃ የለም። ስኮትላንድን የገዛው የስቱዋርት ቤት ስሙን ያገኘው ከዚሁ ሥራ ነው፣ አያቶቻቸው የስኮትላንድ ንጉሥ ቤት አዛዦች ነበሩ፣ ሥራው በዘር ሲወርድ ስም ሆነ፣ በ1371 ዳግማዊ ሮበርት ሲነግሥ የአዛዡ ልጅ ዙፋን ላይ ወጣ። እውነተኛው ታሪክ ከአሳማው የተሻለ አይመስላችሁም?

ስኖብና ፖሽን ቶሎ ልለፋቸው። ስኖብ ላቲን ሆኖ «መኳንንት ያልሆነ» የሚለው ሐረግ ሲያጥር ነው ይላል፣ ዩኒቨርሲቲዎቹ ስም ዝርዝር ላይ ይጽፉት ነበር ብሎ። እንዲህ የተጻፈበት ዝርዝር ያሳየ የለም። ቃሉ በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ብቅ ሲል ጫማ ሠሪ ማለት ነበር፣ ከዛ የኬምብሪጅ ተማሪዎች የከተማውን ሰው በንቀት ጠሩበት፣ ቀጥሎ ታች ሆኖ ላይኛውን የሚያስመስል ሰው ሆነ፣ በመጨረሻ ታችኛውን የሚንቅ። ፖሽም የቃላት መጀመሪያ ፊደል ተለቅሞ የመርከብ ቲኬት ላይ ይጻፍ ነበር ይባላል፣ ቲኬቱን ያየው የለም። በአጠቃላይ የቃላትን መጀመሪያ ፊደል ለቅሞ አዲስ ቃል መሥራት በብዛት የ20ኛው ክፍለ ዘመን ልማድ ነው፣ ስለዚህ አንድ የቆየ ቃል የፊደል ምህጻር ነው ሲሏችሁ ጠርጥሩ። ሰርሎይን የሚባለውን የበሬ ሥጋ ደግሞ ንጉሡ ጥሞት በሰይፍ ነክቶ «ሰር» የሚል ማዕረግ ሰጠው የሚለው ታሪክ ስለ ሄንሪ 8ኛም፣ ስለ ጄምስ 1ኛም፣ ስለ ቻርልስ 2ኛም ይነገራል። ሦስት ንጉሥ አንድ ሥጋ። ቃሉ ፈረንሳይኛ ነው፣ «ሱር» ከላይ፣ «ሎይን» ደግሞ የጎን ሥጋው፣ ከሎይኑ በላይ ያለው ማለት ነው።

አንበሳው ላይ ቀስ ብዬ ነው የምጽፈው፣ የብዙዎቻችንን ልብ ስለሚነካ። የእንግሊዝ ሦስት አንበሶች ተሟልተው የሚታዩት በ1198 በሪቻርድ ቀዳማዊ ሁለተኛ ታላቅ ማኅተም ላይ ነው። ከዛ በፊት አያቱ የአንዡው ጄፍሪ፣ በ1151 የሞተው፣ ለመቃብሩ በተሠራው፣ ሌ ማን በምትባለው የፈረንሳይ ከተማ ባለው ሥዕል ላይ ሰማያዊ ጋሻ በወርቅ አንበሶች ይዞ ይታያል። ይሄ ፈረንሳይ ነው፣ የአንድ መስፍን ቤተሰብ ነው፣ ከኢትዮጵያ ጋር የሚያገናኝ ደብዳቤም መልእክተኛም በመካከል አልተገኘም። አንበሳ ደግሞ በዚያ ዘመን ጋሻ ላይ ያልሳለው አልነበረም። እንደውም የስፔኑን ሊዮን ተመልከቱ፣ ጋሻው ላይ አንበሳ አለ ምክንያቱም ከተማው ስሙ ሊዮን ነው፣ ሊዮን በስፔንኛ አንበሳ ነው። ግን ከተማው ስሙን ያገኘው ከአንበሳ ሳይሆን እዛ ሰፍሮ ከነበረው 7ኛው የሮማ ሌጅዮን ነው፣ «ሌጅዮ» በጊዜ ብዛት ተፍቆ ሊዮን ሆነ። የንጉሥ ጋሻ ላይ የወጣ አንበሳ መነሻው የቃል መመሳሰል ሆኖ ተገኘ ማለት ነው።

ሞዓ አንበሳ ዘእምነገደ ይሁዳ የራሱ መነሻ አለው፣ ዘፍጥረት 49 እና ራእይ 5 ላይ ተጽፏል፣ መጽሐፉን አውሮፓም አንብቦታል፣ ማንም ከማንም መስረቅ አያስፈልገውም። ጸሐፊው ማስረጃ ብሎ ያመጣው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጋርተር የሚባለውን የእንግሊዝ ከፍተኛ ኒሻን መሸለማቸውን ነው። መሸለማቸው እውነት ነው፣ በ1954 ነው፣ ኒሻኑ ግን ከ1348 አካባቢ ጀምሮ የነበረ ነው፣ ከ600 ዓመት በኋላ የመጣ ሽልማት ለ1198ቱ አንበሳ መነሻ ሊሆን አይችልም።

ኢትዮጵያን እንግሊዝ ጋሻ ላይ የግድ ማግኘት ለሚፈልግ ግን አንድ እውነተኛ ክር አለ፣ ጸሐፊው ሳያየው ያለፈው። የቺችስተር ሀገረ ስብከት ጋሻ ሰማያዊ ነው፣ በላዩ በወርቅ የተሳለ መቃብር ድንጋይ ላይ የተቀመጠ ሰው፣ አፉ ውስጥ ሰይፍ የያዘ። የጋሻ አዋቂዎቹ ለዘመናት «ፕሬስተር ጆን» ብለው ገልጸውታል፣ ማለትም ያ ሩቅ አገር አለ ይባል የነበረው ክርስቲያን ንጉሥ፣ «ፕሬስተር» ቄስ ማለት ነው። ወሬው በ12ኛው ክፍለ ዘመን ሲጀምር እስያ ውስጥ ነበር፣ በኋላ ግን ወደ ኢትዮጵያ ዞረ፣ በ1520 አጼ ልብነ ድንግል ጋ የደረሱት ፖርቱጋሎች የሚፈልጉት እሱን ነበር። ታዲያ ሥዕሉ በዋናው ክርስቶስ ነው የሚመስለው፣ በራእይ ምዕራፍ 1 ከአፉ ስለታም ሰይፍ ሲወጣ ያለው፣ አንድ ያልገባው አዋቂ ስሙን ለውጦት ሌሎቹ ገልብጠውት ነው እንጂ። ስለዚህ ይሄም ቢሆን አያኮራንም፣ ግን ቢያንስ እውነተኛ ነው።

ክረስቱ ቀርቷል። ክረስት ማለት ጋሻው ሁሉ አይደለም፣ ቃሉ ከላቲን የዶሮ ኩክኒ ነው የመጣው፣ ራስ ቁሩ ጫፍ ላይ የሚቀመጠው ጌጥ ብቻ ነው። ኮት ኦፍ አርምስ የሚባለው ሙሉው የጋሻ ምልክትም ስሙን ያገኘው ከጥሩሩ በላይ ከሚለበሰው ምልክቱ ከተሳለበት ልብስ ነው። እንግሊዝ ውስጥ ይሄን የሚሰጠውና የሚመዘግበው ሪቻርድ 3ኛ በ1484 ያቋቋመው ኮሌጅ ኦፍ አርምስ ነው፣ እሱም የሚለው ግልጽ ነው፦ ጋሻ ለአንድ ሰውና ከሱ በወንድ መስመር ለሚወርዱ ነው እንጂ ለስም አይሰጥም። ስሚዝ ስለተባልክ የስሚዝ ጋሻ የለህም። ሴቶች እንደ ደንቡ ክረስት የላቸውም፣ ጋሻቸውም በአልማዝ ቅርጽ ነበር የሚሳለው፣ ስለዚህ «የእናቴ ፋሚሊ ክረስት» የሚባለው ሁለት ጊዜ ስህተት ነው። ስኮትላንድ ውስጥ ደግሞ ሎርድ ላየን የሚባለው ባለሥልጣን የራሱ ፍርድ ቤት አለው፣ ያልተፈቀደለት ጋሻ ያደረገ ይከሰሳል።

እኛ ጋ ሲመጣማ ይባስ ይከብዳል፣ ያለን የአባት ስም ነው፣ በየትውልዱ ይቀየራል። ለንደን ወይ ዋሽንግተን ያለ አበበ ከበደ የሚባል ሰው «ከበደ ፋሚሊ ክረስት» ብሎ ግድግዳው ላይ ቢሰቅል በየትኛው ከበደ ነው፣ ልጁስ አበበ ተብሎ ትምህርት ቤት ሲመዘገብ አዲስ ሊያዝ ነው? ከጸሐፊው ጋር ስለ ቃላቱ የምንከራከርበት ብዙ አለን፣ መልስ ከጻፈ በደስታ አነባለሁ። ጽሑፉ መጨረሻ ላይ የለጠፈውን ስምህን አስገባና ክረስትህን ግዛ የሚል ሊንክ ግን አሁኑኑ ቢያወጣው ደስ ይለኛል፣ ሰው ካርዱን እያስገባበት ነው።